ስንዴ፣ ቁም!

ዘፈን ማውጣት እችላለሁ። ጉራ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአራትና ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር የኖረች ሴት ሌላ ምን ሙያ ይኖራታል? የመሰለፊያ ዘፈን አለኝ፣ የጫማ ማሰሪያ ዘፈን አለኝ፣ የሽንት ቤት ወረፋ ዘፈን ሳይቀር አለኝ። መርካቶ መሀል ባለችው ጠባብ መዋለ ሕፃናታችን፣ ከውጭ የተሸካሚው ጩኸትና የአይሱዙው ጥሩምባ ሲያደነቁረን፣ ልጆቹን የምይዛቸው በዘፈን ነው። ስለዚህ አንዲት እናት የልጇን የሐኪም ወረቀት ይዛ ስትመጣ ምን እንደማደርግ ወዲያው አወቅሁ። ያን ያህል ወዲያው ባላውቅ ይሻል ነበር።

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ግን ትንሿ እሷ ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ እግሮቿ ቀጥነዋል። አንድ ዓመት ሙሉ የወስፋት መድኃኒት ስትውጥ፣ ጠበል ስትጠጣ ከርማ በመጨረሻ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው ተባለ።

«ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ነገር አንጀቷን ይጎዳዋል አሉኝ» አለች እናቷ። «መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው። ዕድሜ ልኳን። ፍርፋሪም ቢሆን። እኔ ጤፏን ለቅሜ፣ ስንዴ የማይፈጭበት ወፍጮ ቤት ሄጄ ነው የማስፈጨው። የያዘችውን ብቻ ትብላ። አደራ፣ ቲቸር።»

አደራውን ተቀበልኩ። ችግሩ፣ እኛ ክፍል የያዘውን ብቻ የሚበላ ልጅ የለም። ይጎራረሳሉ። ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ፤ አርብ አርብ ምሳ ዕቃዎቹን ሁሉ አስከፍቼ፣ በየረድፉ እየዞርኩ ከአንዱ ለሌላው አጎርሳለሁ። የአንዱ መኮሮኒ ነው፣ የአንዷ ዳቦ በእንቁላል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ታመመች። የጓደኛዋ እጅ ከንፈሯ ላይ ደርሶ አፏን የምትዘጋ የአምስት ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል?

እህል በረንዳ ወረድኩና ከየዓይነቱ እፍኝ እፍኝ ለምኜ መጣሁ፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ገብስ። በካርቶን ላይ በሙጫ ለጥፌ፣ ክር አስሬ፣ ልጆቹ አንገት ላይ አንጠለጠልኩት። ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በር ይሆናሉ፤ በሩ አፍ ነው። ከበሩ ጀርባ ልጅቷ የቤቱ ባለቤት ሆና ተቀምጣ ባዶ ጀሪካን ትመታለች። ሌሎቹ እህሎች እየጨፈሩ ይመጣሉ፦

ጤፍ ይግባ፣ በቆሎ ይግባ፣
ሽምብራም ይምጣ፣ አብሮ ይግባ።
ስንዴ ቁም! ገብስ ቁም!
በዚህ በር አታልፍም!

መጨረሻው ላይ በሩ ግጥም ይላል፤ ስንዴም ይባረራል። ልጆቹ አበዱለት። ዳይሬክተራችን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያችን የእህል ጨዋታ» ትለኝ ጀመር። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ኩራት አለኝ።

የስንዴን ካርቶን ማንም ማንጠልጠል አልፈለገም። አባቷ እህል በረንዳ ስንዴ የሚያከፋፍል አንዲት ልጅ ስለነበረች ለእሷ ሰጠኋት። «ያባትሽን ዕቃ አንቺ ተሸከሚልን» አልኳት፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እሷ ሆነች። ልጆቹም ስሟን ትተው «ስንዴዋ» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት አባቷ ሲያደርሳት፣ «እትዬ፣ ልጄ እኮ ስንዴ መሸጥ ተው አለችኝ። ምን አስተማሩብኝ?» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስታውሰው፣ የእሱ ሳቅ ያን ያህልም ሳቅ አልነበረም።

ሁለት ወር ሙሉ ሴሊያክ ያለባት ልጅ አልታመመችም። የሆዷ መነፋት ጎደለ፣ ጉንጯ ወጣ። ልጆቹ ግን ስንዴ የበላ ሁሉ ያሳምማታል ብለው ካስተማርኳቸው አልፈው ሄዱ። እሷ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ተዉ። ኳስ ይዛ ስትጠጋቸው «ቁም!» እያሉ ይበታተናሉ። አንዱማ በአጠገቧ ሲያልፍ ትንፋሹን ይይዛል። አርብ ሁሉም ተከበው ሲጎራረሱ፣ እሷ ጥግ ይዛ ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች። አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸቴን ነው። አይቼ፣ «ቢያንስ አትታመምም» ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ በዚህ ነው።

ከዚያ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን፣ ልጆቹን ሸኝቼ አማኑኤል አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ እንደገና አመድ መስሏል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት ዳቦ መብላቷን ልጅቷ ራሷ ነግራታለች።

«ዳቦ መሆኑን አላወቅሽም ነበር?» አልኳት ልጅቷን።

«አውቄያለሁ።»

«ዘፈኑ ጠፋብሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልጠፋባትም።

«ታዲያ ለምን በላሽ፣ የኔ እናት?»

«ስንዴዋ ናት የሰጠችኝ» አለች። «እሷንም ማንም አያጫውታትም። ‹ስንዴ መጥፎ አይደለም፤ እኔም መጥፎ አይደለሁም› አለችኝ። ከዚያ አጎረሰችኝ።» ሁለት ጣቷን አውጥታ፣ «ሁለቴ» አለች። ያን ሁሉ ታማ፣ ይህን ስትል ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

ሁለት ልጆች ብቻቸውን አስቀርቼ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጨብጭቤባቸዋለሁ። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ቸገረኝ።

እናትየዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደስ ባለኝ። ብርድ ልብሱን ለልጇ እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«አርብ አርብ ልጆቹን ሁሉ በየተራ ያጎርሳሉ ትለኛለች። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከራሷ ምሳ ዕቃ፣ እኔ ከላክሁት እንጀራ፣ እርስዎ አጉርሰዋት ያውቃሉ?»

አስታወስኩ። በየረድፉ ስዞር እሷ ዘንድ ስደርስ እጄ የሌላውን ልጅ ዳቦ የነካ ነው እያልኩ፣ ጸጉሯን እንኳ ሳልዳብሳት ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር። አንድ አርብ፣ አንዲት ቀን እንኳ ፈልጌ አጣሁ።

«አጉርሻት አላውቅም» አልኳት።

እናትየዋ በነጋታው መጥታ የልጇን ደብተር ወሰደች፤ ልጅቷ ወደ ክፍላችን አልተመለሰችም።