የሞተ ሰው ሁለት ጊዜ አይቆጠርም

የጀመረኝ በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ሰፈርተኛው ደጅ ላይ ተሰብስቦ ሲበላ አንድ ቁራሽ ዳቦ ዋጥኩ። ወርዶ ደረቴ መሃል ቆመ። ውሃ ጠጣሁበት፤ ውሃውም ተመለሰ። «ጋሽ ደምሴ፣ ቀስ እያሉ እንጂ! ማን ይቀማዎታል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሥጋ አልወርድ አለ። ቀጥሎ እንጀራ። ሾርባ ብቻ ቀረኝ፤ ቀበቶዬን በምስማር እየበሳሁ አጠብቅ ጀመር። እናንተም እንዲህ ካደረጋችሁ አትሳቁ። ሄዳችሁ ታዩ።

እኔ አብነት ሰፈር ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። አጻጻፌን ተዉትና ነገሩን እዩልኝ።

ሆስፒታል የወሰደኝ ታናሽ ወንድሜ ተፈራ ነው። ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ የዕድራችን ዳኛ ነው፤ አፍ አለው። ኢንዶስኮፒ የሚሉትን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገቡ። ቁራጭ ሥጋ ወስደው ባዮፕሲ አሉት። ውጤቱ ሲደርስ ተፈራ ሐኪሟ ዘንድ ብቻውን ገባ። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለዘመድ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። እኔ ውጪ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ወጣና «ጨጓራ ነው ጋሼ፤ ሽሮፕ ይበቃል» አለኝ። አመንኩት።

ሽሮፑን ጠጣሁ። ከሳሁ።

አንድ ጠዋት ሁለት ዕድርተኞች መጥተው ግቢዬን በእርምጃ ለኩ። ምንድነው ብላቸው «ለውሃ ቱቦ ነው» አሉ። ቀጥለው «ጋሽ ደምሴ፣ ያን የቆርቆሮ ክምር ወደ ጥግ ቢያደርጉት» አሉኝ። ለቱቦ ቆርቆሮ አይነሳም። ድንኳን ነው። የለቅሶዬን ቦታ ራሴ እንድጠርግላቸው ነው የመጡት።

ተፈራ ቤት ሄድኩ። ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁ።

«ሐኪሟ ምን አለችህ? ተናገር!»

አለቀሰ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው አለ።

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው ይላሉ። ግን ጋሼ፣ እስቲ አንተው ቁጠረው።» ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። «ኦፕራሲዮኑ ላይ ከአስር ሰው ሁለት ይሞታል። ኬሞው ላይ ከአስር ሦስት። ያን ሁሉ ካለፉት ደግሞ ከአስር አምስቱ በሽታው ይመለስባቸውና ይሞታሉ። ሁለትና ሦስት አምስት፣ አምስትና አምስት አስር። ከአስር አስር! ታዲያ ለምን ተቀደህ ትሞታለህ? ቤትህ አይሻልህም?»

ጣቶቹን አየሁ። አስሩም ታጥፈዋል። ልክ መሰለኝ።

ግን እልኸኛ ነኝ። ሞቴን ከሆነ ፊት ለፊት ትንገረኝ ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ደነገጠች።

«ወንድምዎ እኮ ሕክምናውን እርስዎ አልፈልግም እንዳሉ ነው የነገሩኝ!»

እኔ አላልኩም። የተፈራን ሂሳብ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«አባቴ፣ ኦፕራሲዮን ላይ የሞተ ሰው ኬሞ ላይ ደግሞ ይሞታል?»

«እንዴት አድርጎ!»

«ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ ይቆጥሩታል?»

ወረቀት ላይ መቶ ሰው አሰለፈችልኝ። ኦፕራሲዮኑ ላይ ሃያ ይወድቃል፤ ሰማንያ ያልፋል። ኬሞው የሚወስደው ከሰማንያው እንጂ ከመቶው አይደለም። ሃያ አራት ይወድቃል፤ ሃምሳ ስድስት ያልፋል። ከዚያ ግማሹ በሽታው ይመለስበታል። ሃያ ስምንት ይተርፋል። ወንድሜ ሃያ ስምንት ሰው በቁሙ ቀብሯል!

«ይሄ ፕሮባቢሊቲ ይባላል» አለች። «የሚወድቁትን አይደምሩ፤ የሚያልፉትን ያባዙ። ስምንት ጊዜ ሰባት ጊዜ አምስት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ከሺህ፤ ያው ሃያ ስምንት ከመቶ ነው።»

«እኔ ከሃያ ስምንቱ ነኝ?»

«አላውቅም። ቁጥሩ ስለ መቶው ነው የሚያወራው። ስለ እርስዎ ዝም ይላል።»

አለመዋሸቷን ወደድኩላት። ቁጥሩ ግን የእኔ ነው፤ በዕድሜዬና በበሽታዬ ልክ የተነገረኝ። የእናንተን ከሐኪማችሁ ስሙ።

ደረቴን ከፈቱ። ቧንቧውን ቆረጡ። ጨጓራዬን ወደ ላይ ስበው ሰፉት። ነቃሁ። ጥም። ቱቦ። ውሃ ከለከሉኝ። አጠገቤ የተኛው ሰው ሞተ። ቀጥሎ እኔ ነኝ አልኩ። ሐኪሟ «የእርሳቸው መሞት የእርስዎን ዕድል አይነካም፤ ሁለታችሁ በየራሳችሁ ናችሁ» አለችኝ። ያቆየኝ ጸሎት ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ተፈራ ፊት ቆሜ ማባዛት ነበር የናፈቀኝ።

ከኦፕራሲዮኑ ስወጣ ሐኪሟ እንደገና ቆጠረችልኝ፤ የወደቁት ሃያው ከእንግዲህ ስለማይቆጠሩና እኔ ከሰማንያዎቹ መሃል ስለሆንኩ፣ ሃያ ስምንት ከሰማንያ ማለት ሠላሳ አምስት ከመቶ ሆነልኝ። ኬሞው ጠጉሬን ወስዶ፣ አፌን አቁስሎ፣ ሲያስታውከኝ ከርሞ ሲያበቃ ደግሞ ሃምሳ ከመቶ ገባሁ፤ አጥሚትም በማንኪያ፣ ቀጥሎ ፍትፍት፣ እያለ እያለ በትንሽ በትንሹ ምግብ ይወርድልኝ ጀመር።

ጉልበት ሳገኝ ዕድሩ ስብሰባ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ፣ ታረቁ» አሉ። «መጀመሪያ ይቁጠር፤ ከዚያ አያለሁ» አልኩ። መቶ ፍሬ ጥሬ ሽምብራ ትሪ ላይ አፈሰስኩ። ተፈራ በዕድርተኛው ፊት፣ እኔ እያዘዝኩት፣ እያላበው የሚወድቁትን እየቆጠረ አነሳ።

«ስንት ቀረ?»

«ሃያ ስምንት።»

«ጮክ በል፤ እኔ ሳልሰማ ነው የፈረድክብኝ!»

«ሃያ ስምንት!»

«አንዱን አንሳና ብላ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጥርሴን ያመኛል።»

«እኔን ስትውጥ አላመመህም።»

ሰው ሳቀ። በላው። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። «በል ሳመው» ሲሉኝ ተነስቼ ወጣሁ። በቀጣዩ የዕድር ምርጫ የዳኝነቱን ወንበር ሌላ ሰው ሲይዝ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ላሻረኝ አምላክ፣ ሳትዋሽ ላከመችኝ ሐኪም፣ ላጠቡኝ ነርሶች ምስጋና ይድረስ። ደም የሰጡኝ እነዚያው ግቢዬን የለኩት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። እነሱን ምሬያለሁ።

ምክሬ ይኸው ነው። ውጤት ሲነገር ራሳችሁ ግቡ። ዘመድ ይከተላችሁ እንጂ አይቅደማችሁ። ስንት ይሞታል ሲባል ከስንቱ በሉ፤ ስንት ያልፋል ብላችሁም ጠይቁ። በስማችሁ እንቢ ያለ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ ታከሙ፣ ቂሙ ይደርሳል። ይቅርታም ይደርስ ይሆናል። እኔ ገና ነኝ።