ለነገረ ፈጅ አናከራይም

በጃንሆይ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ስወጣ ባለቤቴ የሻረግ አላለቀሰችም። ጭነት መኪናው ላይ ስወጣ ስንቄን አቀብላኝ፣ «ቤት ስታገኝ ጥራኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ ተሳፋሪው ሲያየኝ በአቧራው አሳበብሁ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ አዲስ አበባ አዲስ ከተማ ሰፈር ቤት ማግኘት እንደምታስቡት አይደለም! እናንተ ዘንድ «ነገረ ፈጅ መጣ» ሲባል ሰው ወንበር ይለቃል። እኔም ይህንኑ ይዤ፣ ከመርካቶው የበርበሬ ገበያ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ቤት የሚያከራዩት እትዬ ብርቄ ሥራዬን ቢጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው።

«ምን ፈጅ?»

«ነገረ ፈጅ፣ እትዬ። ለሰው ፍርድ ቤት የምቆም።»

«በል ሂድልኝ! ነገር የሚፈጅ ሰው እኔንም ይፈጀኛል።»

ልመልስ አፌን ስከፍት በርበሬው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ። «ይማርህ» አሉ ሳያስቡት። አፋቸው ከመረቀኝ ወዲያ ማባረሩ አልሆነላቸውም። በቤታቸው ነገር እንዳላነሳ አስምለው ጠባብ ክፍል ሰጡኝ፤ ለአንድ ሰው ብቻ።

ክረምቱን ብቻዬን ከረምሁ። የዚህ ሽሮ እንኳ እንደ የሻረግ አይጣፍጥም፤ ናፈቀችኝ። እሷ ደግሞ ለሁለት የሚበቃ ቤት እስካገኝ ትጠብቃለች።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ነጋዴው «ድንበሬን አልፏል» ብሎ ሰዎች አምጥቶ የእትዬን አጥር ሊያስፈርስ ተነሳ። መሐላዬን ረሳሁት።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህሁ።

እኛ አገር ይህን የሰማ ባለበት ይቆማል። የመርካቶ ጫጫታ ይውጠዋል ብዬ ነበር፤ ግን ዶማ ያነሳው ሰውዬ እጁን እንደሰቀለ ደርቆ ቀረ።

ነጋዴው «ምታው እንጂ!» ቢለው፣ «በሕግ አምላክ ተብያለሁ እኮ፣ ጋሼ!» አለ።

ፍርድ ቤትም ቆምሁላቸው፤ ዳኛው አጥሩ እንዳይነካ አዘዙ። እትዬ ከችሎት ስንወጣ «ሰፊውን ክፍል ውሰድ። ሚስትህን አስመጣ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ልዘፍን ምንም አልቀረኝም። ግን ባለጉዳዩ በዝቶብኝ ስለነበር፣ እንዲያመጣት የአክስቴን ልጅ ደብዳቤ አስይዤ ላክሁት። ብቻውን ተመለሰ። መልሷን የጻፉላት የኔታ ናቸው፤ ገጹን ሰላምታ ሞልተውታል። ከታች ያለው ግን የራሷ ቃል ነው፦

«ለሰው ሁሉ ራስህ ትቆማለህ አሉ። ለእኔ ሲሆን ወኪል ትልካለህ? ራስህ ካልመጣህ አልነሳም።»

ለእትዬ ባነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ረታችህ!» አሉ።

በማግስቱ ተሳፈርሁ። አባይን እስክሻገር መልስ ሳሰላስል ሄድሁ፤ የሚያዋጣ መከራከሪያ ግን አንድም አላገኘሁም። ደስ እያለኝ የተረታሁት ያን ቀን ብቻ ነው።