አልጎርስ ያለው ጠመንጃ

የባሌ የክርስትና አባት አገር ቤት መቶ አለቃ ነበሩ። በዘጠናዎቹ ዳላስ ገብተው ፋርመርስ ብራንች በሚባል ሰፈር የሰው መጋዘን በዘበኝነት ሲጠብቁም መቶ አለቃነታቸውን አላወለቁም። እሳቸው ባሉበት ስለ ጠመንጃ ሌላ ሰው ትንፍሽ አይልም።

ባሌ አሜሪካ መጥቶ ለደስታው ብቻ የገዛው ነገር ቢኖር አንድ የወፍ መምቻ ጠመንጃ ነው፤ መሃሉ ታጥፎ የሚከፈት፣ እንጨቱ የሚያበራ። ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚንከባከበው። ርግብ የማይበላ ሰው ርግብ ለማደን ምን እንዳጓጓው ዛሬም አይገባኝም።

"የፋብሪካ ጥይት የሰነፍ ነው" አሉት መቶ አለቃው። ከተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሌሎች የተኮሱትን ቀለሃ ለቃቅመው ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርታማችን መጡ፤ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ባሩድና የእርሳስ ፍሬ ሞልተው አፉን አጥፈው ዘጉት። ባሌ ሊያጎርሰው ሲሞክር ጥይቱ ጨርሶ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ተቀረቀረ።

"ጠመንጃው ነው" አሉ።

"ልክ ነዎት" አለ ባሌ።

ዘይት ቀቡት፣ በብሩሽ ፈተጉት። አልጎርስ አለ። ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ሳያቸው ቆየሁና አላስችል ሲለኝ ከሱቅ የተገዛ ጥይት ከተትኩበት፤ ሰተት ብሎ ገባ። የእሳቸውን ደግሞ የቀለሃውን የናስ ግርጌ በማርከር አጥቁሬ ገፋሁት። ሳወጣው ቀለሙ ዙሪያውን ተፍቋል። ናሱ በሌላ ሰው ጠመንጃ ተተኩሶ አብጧል፣ ይኸው ነው። ይህን ለማየት መቶ አለቃ መሆን አያስፈልግም።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ናሱ ወደ ልኩ ሳይመለስ ነው የተሞላው" አልኳቸው።

እሳቸው ባሌን አዩት። ባሌ መኝታ ቤት ጠራኝ።

"ሽማግሌ እንደዚህ ኢምባረስ ይደረጋል? ማለቴ፣ ልክ ብትሆኚስ?"

ልክ መሆኔን ያውቃል። ያኔ ናቅሁት። ተመልሶ መቶ አለቃው ባዘዙት መሠረት ብርጭቆ ወረቀት ድሪል ላይ ጠምጥሞ የሚወደውን ጠመንጃ ጥይት መጉረሻ ጉሮሮ እንዲሰፋ ፋቀው።

የአደን ወቅት በተከፈተ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ፤ የእሳቸው ጥይት ገባ። ሲተኮስ ግን ቀለሃው በሰፋው ጉሮሮ ውስጥ ተሰንጥቆ ተጣበቀ። የሱቁም ተሞከረ፣ እሱም ተሰነጠቀ። ከሜዳው በቀጥታ የወሰድንለት ጠመንጃ ጠጋኝ ውስጡን በባትሪ አየና ከእንግዲህ እንዳይተኮስበት አስጠነቀቀን።

መኪና ውስጥ፣ እኔ እየነዳሁ፣ መቶ አለቃው ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዞረው ባሌን አዩት።

"ጠመንጃው ነው አላልኩህም?"

"ብለው ነበር" አለ ባሌ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ።