ያለ መታወቂያ የወጣችው ሲዲ

ይርጋ ያቺን ሲዲ ከካርቶኑ አውጥቶ በእጁ ከያዛት በኋላ ለምን መልሶ ከተታት? ስለ ይርጋ ሌላ ሌላውን ነገር የደብረ ታቦር መናኸሪያ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ከሰው ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ በግራ በኩል እንደሚሆን፣ የገዛ ወንድሙን እንኳ መታወቂያ ሳያስይዝ ሲዲ እንደማያከራይ ይነግሩሃል። ለዚህኛው ጥያቄ ግን መልስ ያለው ሰው የለም።

ሲዲ ቤቱን የከፈተው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ባሕር ዳር ድረስ ወርዶ ኦርጂናሉን ይገዛል። ሌሎቹ አንዱን ገዝተው መቶ ሲያባዙ እሱ አንድም ቀን አላባዛም፤ ሰው የደከመበትን ነገር ገዝቼ ነው የማከራየው ይላል። በዚህም ከኋላው «የፊልም መነኩሴ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። የተመለሰለትን ሲዲ ሁሉ በለብታ ውኃ ያጥብና በንጹሕ ጨርቅ ከመሐሉ ወደ ዳር እየሳበ ያደርቀዋል። በመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያ የገዛበትን ቀን በጥቁር ማርከር በትንንሽ ፊደል ይጽፋል። የተከራዮቹን መታወቂያ የሚያስቀምጠው ቁልፍ ባላት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሲዲውን ያልመለሰ መታወቂያውን አያገኝም። ወረዳ ጉዳይ ያለበት፣ መንገድ የሚሄድ፣ የሚያገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይርጋ ጋ ይመጣል።

ስልክ መጣና ይህ ሁሉ ቀረ። ሰው ፊልሙን በስልኩ ያወርዳል፣ ካልሆነም በፍላሽ ያስጭናል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት፣ የይርጋ ቤት እንደ ድሮው ሞላ። አቧራ የጠጣ የሲዲ ማጫወቻ ዴካቸውን ከአልጋ ሥር እያወጡ መጡ፤ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አሉት። ይርጋም አመናቸው። ኔትወርኩ በተመለሰ በሳምንቱ ግን እነዚያው ሰዎች አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው በበሩ ሲያልፉ ሰላምታ እንኳ የሰጠው አልነበረም።

ይኼን ችሎት ነበር። ቢዘጋም ይዘጋ ነበር። የማይችለው ሌላ ነገር ነው።

ሚስቱ ዓይናለም ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፤ ድምፅዋ ያለው ግን አንዲት ሲዲ ላይ ብቻ ነው። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከባሕር ዳር የመጡ ወጣቶች ሐሙሲት ገበያ ላይ ስለ መሬት ክርክር ፊልም ሲሠሩ ሽንኩርት ሻጭ አስፈለጋቸው። የዓይናለም እናት እዚያ ሽንኩርት ይሸጡ ነበርና ቢጠየቁ፣ ካሜራውን ሲያዩ ነጠላቸውን ተከናንበው እንቢ አሉ። ልታያቸው የሄደችው ዓይናለም በቦታቸው ተቀመጠች። ተዋናዩ ይመጣና አንድ ራስ ሽንኩርት አንሥቶ ያገላብጣል። እሷ ቀና ብላ፣ «ወንድሜ፣ የማትገዛ ከሆነ አታንሣው» ትለዋለች። ይኸው ነው። ከዚያ ሣቋ ሲመጣባት ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፤ ዳይሬክተሩም ደስ ብሎት ሳይቆርጠው ቀረ።

ያቺ ንግግር ከፊልሙ ወጥታ ቤታቸው ገብታ ኖረች። ይርጋ ወጡ ሳይደርስ ድስቱን ሲከፍት፣ የታጠፈ ልብስ ሲያተራምስ፣ «ወንድሜ፣ የማትገዛ ከሆነ አታንሣው» ትለዋለች። ካረፈች በኋላ ሲዲዋ እንዳታልቅበት እየሳሳ፣ በወር አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ብቻ ይከፍታታል። ማየቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ማሩ የይርጋ አንደኛ ሚዜ ነው። ሙሽራዋን ሲያወጡ አባቷ እጇን በማሩ እጅ ላይ አድርገው፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነህ፣ ቢያስቀይማት የምትነግረው ለአንተ ነው ብለው አስረክበውታል። በዚያ አገር ሚዜ ማለት ይህ ነው እንጂ የሠርጉን ቀን ጨፍሮ የሚሄድ ሰው አይደለም። ዓይናለምም ይርጋ ሲያስቀይማት ወደ እናቷ አትሄድም፣ ማሩ ጋ ነው የምትሄደው። ሐሙሲት ገበያ ላይ ፊልሙ ሲቀረጽም፣ ካሜራው ከማያየው ቦታ ጃንጥላዋን ይዞላት የቆመው እሱ ነበር። ስታርፍ ራሱን ተላጭቶ ከወንድሞቿ ጋር ተቀመጠ።

ይህ ማሩ አሁን ከመናኸሪያው ማዶ ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ለሰው ፊልም በስልክና በፍላሽ ይጭናል። ቡሄ ባለፈ በሳምንቱ ይርጋ ዘንድ መጣና መደርደሪያውን ሲያይ ቆየ።

«ይርጌ፣ ይኼን ሁሉ ላስቲክ ታቅፈህ ልታረጅ ነው?»

ሐሳቡ ቅን ይመስል ነበር። ሲዲዎቹን ወስዶ ከዳዊት መጽሐፍ በማትበልጥ አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ሁሉንም ይገለብጥለታል። ከዚያ ሲዲዎቹን ይመልሳል፤ ይርጋ የቤቱን ግማሽ ለሌላ ሰው ቢሰጥም ፊልሞቹ በኪሱ ናቸው። ሁለቱ ሆነው በአራት ካርቶን ከተቱ። የመጨረሻው ካርቶን ሊታሸግ ሲል ይርጋ እጁን ሰደደና ያቺን አንዷን አወጣት።

«ምነው? ምን ሆነች?» አለ ማሩ።

ይርጋ ያዛት፣ አያት። ይህቺ ትቅር ቢል ሚዜውን አላመነም ማለት ነው። ለምን ቢባል ደግሞ ስለ ዓይናለም መናገር ሊኖርበት ነው። «ምንም» አለና መልሶ ከተታት። ይሉኝታ ነው ቢባል ያስኬዳል። ግን ሰው ለይሉኝታ ብሎ ይኼን ያህል ይሰጣል?

ማሩ የመጨረሻውን ካርቶን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «መታወቂያ ልተው እንዴ?»

ይርጋን ቀልዱም ቢሆን አሳፈረው። «አንተ ደግሞ። ከሚዜ መታወቂያ ይያዛል?»

ሃርድ ዲስኳ በመስከረም መጨረሻ መጣች። በዚያው ሰሞን ማሩ ከገሳይ ገጠር የመጣ ግማሽ ጆንያ ድንች ላከለት፤ ይርጋም አመስግኖ በላ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሃርድ ዲስኳን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካና ፊልሙን ከፈተ። ምስሉ ከሲዲው ይጠራል፤ ጥጉ ላይ የማያውቀው የአንድ ቻናል ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ስለ መሬቱ የሚከራከረው ባለ ጉዳይ ከአውቶቡስ ወረደ። ከዚህ ቀጥሎ ሐሙሲት ገበያ ነው። ገበያው አልመጣም። ሰውዬው ከአውቶቡስ ወርዶ ፍርድ ቤት ገባ።

ይርጋ የሳተው እሱ መስሎት ወደ ኋላ መለሰው። ሰውዬው ወረደ፣ ፍርድ ቤት ገባ። ሦስት ጊዜ ወረደ፣ ሦስት ጊዜ ገባ። ኋላ እንደ ተረዳው፣ ኢንተርኔት ላይ የጫኑት ሰዎች ፊልሙ ረዝሞባቸው አሳጥረውታል፤ ለታሪኩ ሽንኩርት ሻጭ ምን ታደርጋለች?

በማግስቱ ማሩ ጋ ሲሄድ ገና ክፉ ነገር አላሰበም፤ ሲዲዬን ልውሰድ ብሎ ብቻ ነው የሄደው። ማሩ ስልክ እየጠገነ ሳያፍር ነገረው። ከሲዲ ሲገለበጥ አንዱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ኔት ላይ ያገኘውን ከዚያው አውርዶ፣ የገለበጠው ያጣውን ብቻ ነው።

«ሲዲዎቹስ?» አለ ይርጋ።

«እነሱማ አንድ የገሳይ ደንበኛዬ ገብሱን ወፍ ፈጀበት። እንደ መስታወት ስለሚያብለጨልጩ ወፍ ይሸሻቸዋል። ቤቱን አጣበውት ነበር፣ ሰጠሁት። ድንች አመጣልኝ፤ ላንተም ልኬ የለ?»

ይርጋ ሲዲዎቹ መመለስ እንደነበረባቸው ነገረው፤ ድምፁ ከፍ አላለም። ማሩ መፍቻውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አየው።

«ፊልሙ አለልህ እኮ። ሳህኑን ምን ያደርግልሃል?»

የትኛዋ ሲዲ እንደሆነች ይርጋ አልነገረውም። ማሩ ሊጠይቅ ይገባ ነበር። ጃንጥላውን የያዘ ሰው ሳይነገረው ማወቅ ነበረበት። ጠበቀው። ማሩ መፍቻውን መልሶ አነሣ።

ማክሰኞ ይርጋ በሚኒባስ ገሳይ ሄደ። ማሳውን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከመንገዱ ሲወርድ ገብሱ ላይ የሃያ ዓመት ዕድሜው ተንጠልጥሎ በፀሐይ ያበራል። በየእንጨቱ ላይ በሲባጎ ታስረው ነፋስ ያሽከረክራቸዋል። እያንዳንዱን በእጁ እያቆመ የራሱን ጽሕፈት ማንበብ ጀመረ። የገበሬው እናት፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከጎጇቸው ወጥተው ሲያዩት ቆይተው መጡ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?»

«የባለቤቴ ድምፅ ያለባት አለች፣ እናቴ። ሕይወቷ አልፏል።»

ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ታጠቁና ጥያቄ ሳይጨምሩ ከወዲያኛው ዳር ጀመሩ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ስለዚህ አንዱን ሲፈቱ ያመጡለታል፣ አይደለም ሲላቸው ይመልሳሉ። ወፉ የፈራው ሦስት ቀን ብቻ እንደነበር፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ ተቀምጦ መልኩን ማየት እንደጀመረ አጫወቱት። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጥግ ላይ አገኟት። ቀኑ በጥቁር ማርከር ከነጽሕፈቱ አለ። የምታበራው ፊቷ ግን እንጨቱ ላይ ሲፈተግ ሰንብቶ ተቧጥጧል፣ ጠርዟም በዝናቡ ሞራ እንደ ጋረደው ዓይን ደፍርሷል።

«ማን ሰጣቸው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሚዜዬ።»

ሴትዮዋ አማተቡ።

ማታ ሲዲ ቤቱ ውስጥ በለብታ ውኃ አጠባት፤ ከመሐል ወደ ዳር እየሳበ አደረቃት፤ ዴኩ ውስጥ ከተታት። ባለ ጉዳዩ ከአውቶቡስ ወረደ። ገበያው መጣ። ዓይናለም ተቀምጣለች፤ የሰውዬው እጅ ሽንኩርቱን አነሣ፤ እሷ ቀና አለች። «ወንድሜ፣» አለችና ፊቷ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ተበታተነ። ዴኩ ተንጫጫ፣ ዘለለው፣ ፍርድ ቤት ገባ። አውጥቶ ጠረጋት። መለሳት። «ወንድሜ።» ደግሞ አውጥቶ ጠረጋት። እንዲህ ሲል ነጋበት፤ ከዚያች አንዲት ቃል ግን አላለፈችም። ወደ ንጋቱ ላይ እሷም ቀረች፤ ዴኩ ሲዲ የለም የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ማሩ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትዝ አለኝ፣» አለ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ። የሽንኩርቷ ናት አይደል? ይርጌ፣ እኔ እኮ ረስቼው ነው። ለእኔም እኮ እኅቴ ናት።»

ይርጋ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሲዲ አሳየው። ማሩ አንሥቶ ወደ ብርሃን አደረጋት፣ ጭረቱን አየ፣ ባሕር ዳር የሚያውቅ ሰው አለ፣ አዲስ አበባም ፊልሙን የሠሩትን እናፈላልጋለን እያለ ብዙ ተናገረ። ይርጋ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«መታወቂያህን አምጣ።»

ማሩ ሊሥቅ ብሎ ፊቱን አየው። ሣቁን ተወው። ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ አውጥቶ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሚዜ ነኝ እኮ፣» አለ ቀስ ብሎ።

«ነበርክ። ድምፅዋን ስትመልስ ትወስደዋለህ።»

መሳቢያውን ከፈተ። ከታች የቀሩ አሮጌ መታወቂያዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ሞተው ወይም አገር ለቀው የቀሩ። የማሩን ከላያቸው አደረገና ቆለፈ። ማሩ ወጥቶ ሄደ። ከውጭ የጎረቤት ሱቆች እየተከፈቱ ነው። ይርጋ በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲዲ ቤቱን በር በሥራ ሰዓት ከውስጥ ቀረቀረ፤ ቁልፉን በእጁ እንደ ጨበጠ አግዳሚው ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ የወሰደው ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው።