የምሰሶው ምስማር

ሰኞ ገበያ ውስጥ ለዓመታት የፕላስቲክ እስክሪብቶ ስሸጥ ኖሬ፣ አሁን እንጨት እያሽከረከረች በምታስቀርጸኝ ትንሿ ቶርኖዬ የወይራ እስክሪብቶ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ፕላስቲኩ ሲሰበር ደንበኛው ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ ወይራው አይሰበርም። ነጋዴነቴን የሚጠራጠሩ ዘመዶች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም።

እንጨቱን የማገኘው ከሚፈርሱ ቤቶች ነው። የድሮ ምሰሶ ደርቆ የጨረሰ ስለሆነ አይጣመምም። ክፋቱ፣ እኛ አገር ምሰሶ ጣራ ብቻ አይሸከምም፤ ፋኖሱም፣ ኮፍያውም፣ የቁርኣን ከረጢቱም እሱው ላይ ነው የሚሰቀለው። ሆዱ ምስማር ነው። በቀደም አንዱ የመሮዬን ስለት ሸርፎብኝ፣ ኮምቦልቻ ወዳለው ስለት ሞራጅ ሰደድኩት። እጄ ላይ አንድ መሮ ብቻ ቀረ።

በዚህ መሃል ከቢስቲማ አንድ ሽማግሌ ክንድ የማይሞላ የምሰሶ ቁራጭ በሽርጥ ጠቅልለው መጡ። አሮጌ ቤታቸው በአዲስ ሊተካ ፈርሶ፣ ከማገዶ የተረፈው ይኸው ነው። የልጅ ልጃቸው አስተማሪ ሆና ነገ ወደተመደበችበት ትሄዳለች፤ ከተወለደችበት ቤት እስክሪብቶ ይዛ እንድትሄድ ፈልገዋል።

«ምስማር አለው አባባ?»

«ወላሂ የለውም! እኔው ነኝ ያቆምኩት።»

«ያቆሙትስ እርስዎ ነዎት፤ የሰቀለበትስ?»

ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት እንጨቱ ላይ አሳለፍኩት። አንድ ቦታ ሲደርስ ጥብቅ አለ።

«ማግኔትህ ይዋሻል» አሉ።

ጥላሸቱን በቢላ ስፍቀው የምስማር አናት ብቅ አለ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«አይ... የራዲዮኔ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ሥር ነበር ዜና የሚሰማው።»

በጉጠት ነቅዬ ማግኔቱን እንደገና አሳለፍኩ፤ አሁን ዝም አለ። የጭቃ ምርጊቱ አሸዋም ስለት ይበላልና በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት። ከዚያ ቆርጬ፣ በስቼ፣ ቀለሙ የሚገባበትን የነሐስ ቱቦ በሙጫ ከተትኩ። ሙጫው እስኪይዝ ሽማግሌው ዙህር ሰግደው ተመለሱ።

ቶርኖው ዞረ። መሮውን በስሱ አስጠጋሁ። እንጨቱ ግራና ቀኝ የብረት ቀለበት አለው፤ የእስክሪብቶው ውፍረት የሚለካው በእነሱ ነው። መሮዬ ቀለበቱን ከነካ ስለቱ ይሸረፋል፤ ልጅቷም ባዶ እጇን ልትሄድ ነው። ቀለበቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መሮውን አነሳሁት።

«ገና ወፍራም ነው እኮ!» አሉ ሽማግሌው።

«የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት እጨርሰዋለሁ።»

«ፈሪ ነህ።»

«ደፋሩ መሮዬ ኮምቦልቻ ታክሞ አልወጣም አባባ።»

ሳቁ። «አብሽር፣ እንዳሻህ።»

እስክሪብቶው አምሮ ወጣ፤ ጎኑ ላይ ግን የምስማሩ ዝገት የሰረገበት ጥቁር መስመር ቀርቷል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ ራዲዮው ነው። እነግራታለሁ።»

ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ቆልማማ ምስማር ላይ አረፈ።

«ይሄንንስ?»

«እጥለዋለሁ።»

«ምን ሲደረግ! አቃናልኝ። አዲሱም ቤት መስቀያ ይፈልጋል።»

በመዶሻ እያቃናሁ፣ «ከአዲሱ ምሰሶ የትኛው ጎን ላይ ነው የሚመቱት?» አልኳቸው።

«ምን አገባህ?»

«አንድ ቀን ያንን ምሰሶ ለሚቀርጸው ባለቶርኖ ልነግረው ብዬ ነው።»