ጂዛን ላይ የላስኩት ድንጋይ

የሠራሁት የግንብ አጥር በሦስተኛው ወር ተሰንጥቆ ዘመመ። ባለቤቱ ከቀይ ባሕር ማዶ ባለችው ጂዛን፣ በአሮጌው ኮረብታ ላይ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሥራውን የያዘው ሙቃዊል፣ ማለት ኮንትራክተሩ፣ ስንጥቁን እንዳየ ግንብ የማቃናበትን ቱምቢዬን ቀምቶ ኪሱ ከተተው።

«ኸላስ! ግንበኝነትህ አበቃ። ሳብያ ከተማ ሂድና ከቀን ሠራተኞች ጋር ተሰለፍ!»

ደሜ ፈላ። እዚህ አገር ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ስም ብቻ ነው። «የወሎው ልጅ ግንብ አይዘምም» ይሉኛል። «የሄደው መሬቱ ነው እንጂ ግንቡ አይደለም» ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። መሠረቱን ከፍቼ ላሳያችሁ ብዬ መምህሩን ለመንኳቸው፤ አንድ ቀን ሰጡኝ።

እስከ ደረቴ ስቆፍር ግራጫ አለት አገኘሁ። ነጭና ጥቁር መስመሮቹ እንደሚጨመቅ ጋቢ ተጠማዝዘዋል። አጥሩ ሥር ከቆመው የውሃ ታንከር የሚንጠባጠበው ውሃ የነካው በኩል ደግሞ ተቦርቡሮ ባዶ ሆኗል። ድንጋይ እንዲህ በውሃ ይበላል እንዴ? ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ከአፋር አሞሌ እያስመጣ ወሎ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ ሳይልስ አይገዛም። እኔም ላስኩት።

ጨው! ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለሁ ጮህኩ።

መምህሩ ሮጠው መጡ፤ ቁራሹን ተቀብለው እሳቸውም ላሱና እንደ ልጅ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን አስተማርኩት፤ ቀምሼው ግን አላውቅም!» አሉ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ፦

«ያንተ አገርና የኔ አገር አንድ መሬት ነበሩ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ተራራቁ፣ መሀል ላይ ባሕር ገባ። ባሕሩ እየደረቀ ጨው አነጠፈ። ጭቃና አሸዋ ሲጫነው ጨው ቀላል ነውና እየተጣጠፈ ወደ ላይ ወጣ። ይሄ ኮረብታ እሱ ነው። ስንጥቁ እናንተ አፋር ድረስ ይዘልቃል፤ ዛሬም እየሰፋ ነው።»

ለአባቴ አሞሌ የሰጠው ስንጥቅ የኔን አጥር አዘመመው ማለት ነው! ያን ትልቅ ቀይ ባሕር በጀልባ ስሻገር የማስበው ስለ ማዕበሉ ብቻ ነበር፤ ለካስ የተሻገርኩት የመሬትን ቁስል ኖሯል።

ሙቃዊሉ ሲመጣ አላመነም። መምህሩ ቁራሹን ዘርግተው «ላስ!» አሉት። ላሰና ፊቱን አጨማደደ። አገራችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይባላል፤ እኔም ልወረወር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቱምቢዬን ከኪሱ አወጣና «ያላ፣ ታንከሩን አንሣና እንደገና ጀምር» አለኝ።

እጄን አልዘረጋሁም። «መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናገር» አልኩት።

መምህሩን አየ፤ እኔን አየ፤ ጉድጓዱን አየ።

«የባሕሩ ነው» አለ።

ቱምቢዬን ተቀበልኩት።