ለጓዴ የያዝኩት መርፌ

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደባርቅ

ዛሬ ከደባርቅ የምነሣው ውሻ ልገድል ነው። መርፌው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት እንስሳ ሳክም ይቺን መርፌ አልለመድኳትም። የዳባቱ ሚኒባስ እስኪሞላ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ውሻው ጓዴ ይባላል፤ ከዳባት በላይ ባለች መንደር የሚኖሩት የመሪጌታ ነው። ለማሕሌት ሲወጡ ከጅብ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ከስቶ፣ እያሳለ፣ አንድ ዓይኑ ደፍርሶ አገኘሁት። መንደሩ «አብዷል» ብሎ ሊጨርሰው ነበር። ካበጠው ዕጢው በመርፌ ቀድቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ፈንገስ ነው፤ ቆዳ ላይ የሚቀረው ሳይሆን ሳንባ ገብቶ በደም የሚዛመተው። ለወራት የሚወሰድ እንክብል ሰጠሁ። ባለፈው ሳምንት «ባሰበት» ብለው ደወሉ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከዳባት በላይ

ከዳባት ወዲያ በእግር ነው። አቧራ፣ ነፋስ፣ ዳገት፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አህያ የሚነዱ ገበሬ «ወዴት ነው?» አሉኝ።

«የመሪጌታን ውሻ ለማየት።»

«እሱንስ ነፍስ ይማር በለው!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አምስት ሰዓት፣ መሪጌታ ቤት

ጓዴ መሪጌታ እግር ሥር ተኝቷል። ጅራቱን ማንሣት እንኳ አቅቶታል።

«መድኃኒቱ አልሠራም፣ አባቴ። ከሚሠቃይ...» ብዬ መርፌውን አወጣሁ። መሪጌታ ፊታቸውን አዞሩ።

ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። «አንድ ቀን አላጓደልንም! እንዳሉን ከምግብ ጋራ፣ በደረቅ ቂጣ ሸጉጠን!»

እጄ ቀጥ አለ። «በደረቅ ቂጣ? ቅባት ሳይነካው?»

«በሁዳዴ ቅቤ ከየት ይምጣ? ጓዴም ከእኛው ጋራ ይጾማል።»

ወይ ጉድ! ይህ እንክብል ቅባት ካላገኘ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም፤ አብዛኛው እንዲሁ ያልፋል። «ከምግብ ጋር» ብዬ ሄድኩ እንጂ ምን ምግብ ብዬ አልጠየቅኩም። ሳስረዳቸው አፈርኩ።

«የኑግ ዘይትስ አለ?» አልኩ።

መሪጌታ ዞሩ። «ኑግማ የጾም ነው! ታዲያ ይህን ቀድመህ አትነግረንም ነበር?»

እውነታቸውን ነው። እትዬ ስንዱ ቂጣውን በኑግ ዘይት አርሰው፣ እንክብሉን ሸጉጠው አቀረቡ። ጓዴ በልቶ ሳህኑን ላሰ። ስሰናበት መሪጌታ የጓዴን ራስ እየዳበሱ «ለፋሲካ ያድርስልኝ እንጂ ቅቤውን በእጄ ነው የማጎርሰው» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደባርቅ

ይድን ይሆን? አላውቅም። ሕክምናው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ዓይኑም የሚመለስ አይመስለኝም። እግሬ ዝሏል። መርፌውን ቦታው መልሼ የጓዴን ካርድ አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሰረዝኩትና ከሥሩ «ሐኪሙ አልጠየቀም» ብዬ ጻፍኩ።